ቤተሰብ ለመጠየቅ ቪዛ ተከልክሎ ዳግም ማመልከት፤ ምን መለወጥ አለበት?

ውጭ አገር የሚኖሩ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የጎብኚ ቪዛ አመልክተው የተከለከሉ ወላጆች በየመሥሪያ ቤቱ አይታጡም። ልጃቸው የምትወልድበት ወር ተቃርቦ ለማረስ ሻንጣ ያዘጋጁ እናት ወይም በልጃቸው ምረቃ ላይ ለመገኘት የዓመት ፈቃድ የጠየቁ ባለሙያ ከቆንስላው የክልከላ ወረቀት ይዘው ሲመለሱ በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ የትኛው ሰነድ እንደጎደለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለ ሰነድ የለም። የክልከላው ምክንያት ሌላ በመሆኑ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ይህ ጽሑፍ በይበልጥ የሚያተኩረው በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ አሠራር ላይ ሲሆን፣ የአውሮፓ አገሮች አሠራር የሚለይባቸውን ነጥቦች በስተመጨረሻ ይዳስሳል።

የአሜሪካ ቆንስላ የጎብኚ ቪዛ ለተከለከለ አመልካች በሚሰጠው ወረቀት ላይ በብዛት የሚጠቀሰው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 214(ቢ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው ይህ ሕግ፣ የጎብኚ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ በአሜሪካ ለመቅረት እንዳሰበ ይገምታል። የማስረዳት ሸክሙም የአመልካቹ ነው። ተከሳሽ ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል የሚለውን መርሕ ለለመደ ሰው አካሄዱ የተገላቢጦሽ ሊመስል ይችላል። ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት ያገለገሉ ሰዎች ውሳኔውን እንደ ውርደት ሲቆጥሩትም ይስተዋላል። ይሁንና ድንጋጌው በዕለቱ የቀረበው ማስረጃ ቆንስሉን አላሳመነውም ከማለት ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ቋሚ እገዳም አያስከትልም።

በዚህ አንቀጽ ለተሰጠ ክልከላ ይግባኝ አይቀርብም። ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ፣ ከጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የቆንስሎችን የቪዛ ውሳኔ አይመረምሩም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የአንዲት ዜጋ ባለቤት የቪዛ ክልከላን በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ አጽንቷል። የሚቀረው መንገድ ዳግም ማመልከት ነው። ለዚህ በሕግ የተወሰነ የመጠበቂያ ጊዜ ባይኖርም፣ አዲስ ቅጽ መሙላት፣ አዲስ ቃለ መጠይቅ ማድረግና እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ 185 ዶላር የሆነውን የማይመለስ የማመልከቻ ክፍያ እንደገና መክፈል ያስፈልጋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያንኑ መልስ ይዞ መቅረብ ገንዘብ ከማባከን አይለይም።

በሁለተኛው ማመልከቻ ላይ ጎልቶ የሚታየው ስህተት ከወዲያ ማዶ የሚመጣውን ሰነድ ማብዛት ነው። ልጅ የባንክ ሒሳቧን፣ የቤቷን ካርታ፣ የደመወዝ ማስረጃዋንና የድጋፍ ቃል መግቢያ ቅጽ ትልካለች። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መመሪያ ግን አመልካቹ የሚመዘነው በአገሩ ባለው ኑሮና ትስስር እንጂ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቹ በሚሰጡት ዋስትና እንዳልሆነ ያስረዳል። የልጅ ሀብት የጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይመልስ እንደሆነ እንጂ እናት ለምን እንደሚመለሱ አይመልስም። እንዲያውም ሁሉም ልጆች አሜሪካ ከሆኑ የልጆቹ መደላደል ጥርጣሬውን ሊያጠናክረው ይችላል።

ስለሆነም ሊብራራ የሚገባው እዚህ ያለው ኑሮ ነው፤ አገር ቤት የቀሩት የትዳር ጓደኛና ልጆች፣ ሥራው ወይም ጡረታው፣ መኖሪያ ቤቱ፣ የሚመራው ድርጅት፣ ከዚህ ቀደም ወደ ሌላ አገር ተጉዞ በጊዜው መመለሱ። ቃለ መጠይቁ በአብዛኛው ከጥቂት ደቂቃዎች የማይበልጥ ስለሆነ ወፍራም ፋይል ይዞ የሄደ ሰው ሳይከፍተው ሊመለስ ይችላል። ወሳኙ በዲ ኤስ 160 ቅጽ ላይ የተሞላውና በአንደበት የሚሰጠው አጭር መልስ መጣጣማቸው ነው። ለአንድ ሳምንት ተበድሮ ወደ ባንክ የገባ ገንዘብ ከደመወዙ ጋር ስለማይመጣጠን ከመጥቀሙ ይልቅ ያጋልጣል።

በዚህ ረገድ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች ድርሻ አላቸው። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የሚጻፈውና የሠራተኛውን መልካም ሥነ ምግባር ገልጾ ትብብር የሚጠይቀው ደብዳቤ ለቆንስሉ የሚነግረው ነገር እምብዛም ነው። የሚጠቅመው የቅጥር ዘመንን፣ የሥራ መደብንና ደመወዝን፣ የተፈቀደው ፈቃድ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ሠራተኛው ወደ ሥራ የሚመለስበትን ቀን ለይቶ የሚያስቀምጥ ደብዳቤ ነው። ሠራተኛው በቅጹ ላይ ስድስት ወር እንደሚቆይ ሞልቶ ደብዳቤው የአንድ ወር ፈቃድ የሚያሳይ ከሆነ፣ ደብዳቤው ራሱ በባለቤቱ ላይ ምስክር ይሆናል።

ቅጹ ከዚህ ቀደም ቪዛ ተከልክለው ያውቃሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎን» ነው። የቀድሞው ማመልከቻ በቆንስላው መዝገብ ስላለ መደበቁ አይቻልም፤ ሆን ብሎ ሐሰት መናገር ደግሞ ከተራ ክልከላ በእጅጉ የከፋና ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ እገዳ ሊያስከትል ይችላል። ዜግነት ያገኘ ልጅ ለወላጁ የቋሚ ነዋሪነት ጥያቄ አስገብቶ ከሆነም በቅጹ ላይ መገለጽ አለበት። እንዲህ ያለው ጥያቄ የጎብኚ ቪዛን በራሱ ባይከለክልም የመመለስ ፍላጎትን ማስረዳትን ያከብደዋል። ደላላ ይህንን «ተወው» ብሎ ቢመክር፣ የሚፈርመው አመልካቹ እንጂ ደላላው አይደለም።

በወረቀቱ ላይ የተጠቀሰው አንቀጽ 221(ጂ) ከሆነ ነገሩ ይለያል። ይህ ተጨማሪ ሰነድ ወይም ማጣራት እንደሚያስፈልግ የሚያመለክት ሲሆን፣ የተጠየቀው ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀረበ አዲስ ክፍያ አይጠየቅም።

ቪዛው ሲፈቀድም የሚምታታ ነገር አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ባደረገችው ለውጥ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲያገለግል ተደርጓል። ሦስቱ ወር የመግቢያ ጊዜ ገደብ ነው፤ የቆይታውን ርዝመት የሚወስነው በመግቢያ በር ያለው የድንበር ሹም ነው።

ወደ አውሮፓ ስንመጣ፣ የሸንገን አገሮች ክልከላውን የሚያሳውቁት ምክንያቱ ምልክት በተደረገበት ወጥ ቅጽ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቪዛ ደንብ የይግባኝ መብት ይሰጣል። ይግባኙ የሚቀርበው ውሳኔውን በሰጠው አገር ሕግ መሠረት በመሆኑ የጊዜ ገደቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ ቅጹን በተቀበሉበት ዕለት ማንበብ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የ15 ቀኑን የማጣሪያ ጊዜ ወደ 45 ቀን ያራዘመ ከመሆኑም በላይ፣ የዲፕሎማቲክና የሰርቪስ ፓስፖርት ባለቤቶችን ከክፍያ ነጻ የማድረግን አማራጭ አግዷል። እንግሊዝ በበኩሏ ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚያመለክቱ ሰዎች የነበራቸውን ሙሉ የይግባኝ መብት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 አንስታለች። ሆኖም የክልከላ ደብዳቤዋ ምክንያቱን በጽሑፍ ስለሚገልጽ፣ አዲሱ ማመልከቻ ለእያንዳንዱ ነጥብ በማስረጃ የተደገፈ መልስ ይዞ መቅረብ ይችላል።