ገላጭ ሐረግና ነጠላ ሰረዝ

ተማሪዎች፣ ቀጥሎ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር ሳትቸኩሉ አንብቡ።

በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ የተሠራው ቤት ፈረሰ።

1953 ዓ.ም. ቤቱ የተሠራበት ዓመት ነውን? ወይስ የፈረሰበት? ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ትርጉም ይይዛል። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር በይፋት ቆላ፣ በካራቆሬ አካባቢ፣ ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ጸሐፊው ሊነግረን የፈለገው በዚያ ዓመት የሆነውን መፍረስ ከሆነ፣ እንዲህ መጻፍ ይገባዋል፦

በ1953 ዓ.ም.፣ በካራቆሬ የተሠራው ቤት ፈረሰ።

ነጠላ ሰረዙ ዓመቱን «በካራቆሬ የተሠራው» ከሚለው ገላጭ ሐረግ ለይቶ «ፈረሰ» ወደሚለው ማሰሪያ አንቀጽ ይመራዋል። ምልክቱ ቢቀር፣ የአደጋውን ታሪክ የሚያጠና ሰው ቤቱ የፈረሰበትን ዓመት የተሠራበት አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። ዓመቱ የተሠራበት ከሆነ ግን ነጠላ ሰረዝ አይረዳንም፤ የቃላቱን ቅደም ተከተል ለውጠን «በካራቆሬ በ1953 ዓ.ም. የተሠራው ቤት ፈረሰ» ማለት ይሻላል።

በአማርኛ ገላጭ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገልጸው ስም ይቀድማል። በዚህ ጊዜ በሁለቱ መካከል ነጠላ ሰረዝ አይገባም። «ከካራቆሬ ብዙም የማትርቀው ማጀቴ ከፍተኛ ጉዳት ደረሰባት» በሚለው ውስጥ ከ«የማትርቀው» በኋላ ምልክት ማድረግ ገላጩን ከስሙ ማፋታት ነው። ብዙ ተማሪዎች ትንፋሽ በወሰዱበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ ያኖራሉ፤ የትንፋሽ ዕረፍት ግን ሁልጊዜ የትርጉም ዕረፍት አይደለም። ገላጮቹ ሲበዙ፣ «ረጅም፣ ጠባብ፣ አቧራማ መንገድ» እንደሚባለው፣ ምልክቱ በገላጮቹ መካከል ይገባል፤ ከመጨረሻው ገላጭ በኋላ አይገባም።

ሐረጉ ከስሙ በኋላ ሲመጣ ደንቡ ይለወጣል።

ካራቆሬ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ከተማ፣ በመሬት መንቀጥቀጡ ተጎዳች።

እዚህ ላይ ሐረጉ በሁለት ነጠላ ሰረዞች ታጥሯል። በጣታችሁ ሸፍናችሁ ብታነቡ፣ «ካራቆሬ በመሬት መንቀጥቀጡ ተጎዳች» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቀራል። በደብተራችሁ ላይ ዘወትር የሚታየው ስሕተት የመጀመሪያውን ሰረዝ አድርጎ ሁለተኛውን መርሳት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የታጠረ ማሳ ከብት አይከለክልም።

መልመጃ፦ «ትናንት ከሸዋ ሮቢት የመጣው ነጋዴ ማሽላውን ሸጠ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ በመጀመሪያ ሽያጩ፣ ቀጥሎም የነጋዴው መምጣት ትናንት መሆኑን እንዲያስረዳ አድርጉ።