«መናፍቅ» እና «ሙናፊቅ»፦ በቁርኣን ውስጥ የሚገኙ የግዕዝ ቃላት እንደ ታሪክ ማስረጃ

በጅቡቲ ከተማ ዐማርኛ፣ ሶማልኛ፣ ዐፋርኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ዐማርኛ ተናጋሪው «መናፍቅ» ሲል ከሃይማኖቱ ትምህርት ያፈነገጠን ሰው ማለቱ ነው። ሶማልኛ ተናጋሪው «ሙናፋቅ» ሲል ደግሞ ልቡና አፉ የተለያየን፣ አምኛለሁ እያለ በውስጡ የሚክድን ሰው ነው። የቃሉ ሥር አንድ ሲሆን ክሱ ግን የተለያየ ነው። ሁለቱን እንደ አቻ የሚወስድ አስተርጓሚ ሰውን ባልተባለበት ጥፋት ሊያስከስስ ይችላል። የልዩነቱ መነሻ ከቁርኣን ጋርም ከቀይ ባሕር ታሪክ ጋርም የተያያዘ ነው።

ቁርኣን የዘመኑን የውጭ መንግሥታት ነገር በግልጽ የሚያነሣው ከስንት አንዴ ነው። 30ኛው ምዕራፍ የሮማውያንን መሸነፍ ይጠቅሳል፤ 105ኛውን ምዕራፍ ደግሞ ትውፊቱ የመን ላይ ነግሦ ከነበረው ከሐበሻዊው አብርሃ ዘመቻ ጋር ያያይዘዋል። ቃላቱ ግን ከዚህ የሰፋ ታሪክ ይዘዋል። ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ወደ ሒምያር ከዘመተ በኋላ የአክሱም ክርስትና በደቡብ ዓረቢያ ሥር ሰዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማም የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ መሆኑን እዚህ ከተማ ላለ አንባቢ መንገር አያሻም፤ ሆኖም የአክሱም ዋና ወደብ አዱሊስ ስለ ነበረ የቃላቱን ጉዞ በዚህ ጠባብ መሻገሪያ ብቻ መተርጐም አይገባም።

ቴዎዶር ኖልዴኬ እ.ኤ.አ. በ1910፣ አርተር ጄፍሪም እ.ኤ.አ. በ1938 ከግዕዝ የመጡ ካሏቸው ቃላት ውስጥ ጠንካራው ማስረጃ «ሐዋሪዩን» ነው። የግዕዙ «ሐዋርያ» ሖረ ከሚለው ግሥ የወጣ፣ «ሂያጅ፣ መልእክተኛ» የሚል ግልጽ ትርጉም ያለው ቃል ነው። የዐረብኛ ሊቃውንት ግን ከንጣት ጋር ሊያዛምዱት ሞክረው፣ ሐዋርያቱ ነጭ ለባሾች ስለ ነበሩ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ቃሉ በአንዱ ቋንቋ ቤተ ዘመድ ኖሮት በሌላው እንዲህ ያለ ማብራሪያ ሲያስፈልገው አበዳሪውን መለየት አያስቸግርም። ግዕዝ ከዐረብኛ ወስዶት ይሆን የሚለውንም ጥያቄ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ያዳክሙታል፤ የካርቦን ምርመራ ብራናዎቹን ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጣቸዋልና፣ የግዕዝ ክርስቲያናዊ የቃላት ሀብት ከዐረብኛው ተጽዕኖ በፊት የቆመ ነው።

«ሙናፊቅ» ይበልጥ ያከራክራል። በግዕዝ ነፈቀ «ከፈለ» ማለት ነው፤ «መንፈቀ ሌሊት» የምንለውም ከዚሁ ነው። ናፈቀ ደግሞ (የዛሬው ዐማርኛ የናፍቆት ትርጉሙ እዚህ አያሳስተን) ልብን ለሁለት መክፈልን፣ መጠራጠርን፣ ማስመሰልን ያመለክታል። እንግዲህ የግዕዙ «መናፍቅ» ግብዝንም ከሃዲንም ያቅፍ ነበር። ዐረብኛ የመጀመሪያውን ወሰደ፤ ዐማርኛ ሁለተኛውን አጥብቆ ያዘና የመጀመሪያውን ለ«ግብዝ» ተወው። የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ቃሉን ያርቡዕ የተባለችው አይጠ መሰል እንስሳ ለማምለጫ ከምታዘጋጀው ስውር ቀዳዳ ጋር ያገናኙታል። ምሳሌው ያማረ ነው። ቃሉ ከዐረብኛው የግሥ እርባታ ጋር ፈጽሞ ስለ ተስማማም ባዕድነቱ በመልኩ አይታወቅም፤ እኔ ግን ሃይማኖታዊ ትርጉሙ በግዕዝ ተዘጋጅቶ የተሻገረ ይመስለኛል።

ጥያቄው የምዕራባውያን ፈጠራ አይደለም። አሽ-ሻፊዒ (እ.ኤ.አ. 820 ያረፉት) ቁርኣን በጠራ ዐረብኛ ስለ ወረደ ባዕድ ቃል የለበትም ብለው ተሟግተዋል። አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ደግሞ ቃላቱ በመነሻቸው ባዕድ ቢሆኑም ከመውረዱ በፊት ዐረብኛ ሆነዋል በማለት ሁለቱን ወገኖች አስታረቁ፤ የዛሬ የቋንቋ ሊቅም ከዚህ የተሻለ የውሰት ቃል ብያኔ የሚሰጥ አይመስለኝም። አስ-ሱዩጢ (እ.ኤ.አ. 1505 ያረፉት) የባዕድ ቃላትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ የሐበሻን ቋንቋ ከምንጮቹ ቆጥረዋል፤ በ24ኛው ምዕራፍ 35ኛ አንቀጽ የሚገኘው «ሚሽካት» ከዚያ የተመዘገበ ነው።

ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በዐማርኛ ታትሞ ሲወጣ ቃላቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ወደ ዘመዶቻቸው ተመለሱ። ተርጓሚዎቹ ለ«ሐዋሪዩን» ሐዋርያት፣ ለ«ማኢዳ» ማእድ፣ ለ«ሙናፊቁን» መናፍቃን ብለዋል። ለ«ሚሽካት»ም መስኮት የሚለውን መርጠዋል፤ ነገር ግን የዐረብኛው ቃል በግድግዳ ውስጥ ያለ፣ ወደ ውጭ የማያሳልፍ የመብራት ማስቀመጫ ስለሆነ «ዝግ» የሚል ቅጽል በቅንፍ ጨመሩበት። «መናፍቃን» ግን እንዲህ ያለ ቅንፍ አላገኘም።