የዘር አሻራ፦ ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እስከ መካው የፊቅህ ጉባኤ

የተፈጨ ሽንኩርት ወይም ሙዝ በጨውና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ከታሸ በኋላ ተጣርቶ ቀዝቃዛ አልኮል ሲጨመርበት፣ ነጭ ክር መሰል ነገር ወደ ላይ ይወጣል። ተማሪዎች በሥነ ሕይወት ክፍል ዲ ኤን ኤን በዓይናቸው ከሚያዩባቸው ቀላል ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። በጅዳና በመካ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጥያቄ ሊቀርብላቸው ይችላል፦ ይህ ክር የሰውን ማንነት ሊመሰክር ይችላልን? ሸሪዓስ ምስክርነቱን ይቀበላልን? ለሁለተኛው ጥያቄ ሰፊ መልስ ከተሰጠባቸው ሥፍራዎች አንዷ ራሷ መካ ናት።

የሰው ልጅ ዲ ኤን ኤ 3 ቢሊዮን ያህል ጥንድ «ፊደላት» አሉት። ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው በሰዎች ሁሉ ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። የፎረንሲክ ባለሙያ የሚመረምረው አጫጭር ፊደላት እየተደጋገሙ የሚገኙባቸውን ጥቂት ሥፍራዎች ሲሆን፣ የድግግሞሹ ብዛት ከሰው ሰው ይለያያል። ልጅ ግማሹን ከአባቱ፣ ግማሹን ከእናቱ ይወርሳል። ይሁን እንጂ ናሙና ብቻውን የማንንም ስም አይናገርም፤ የሚመሰክረው ከሌላ ናሙና ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1984 በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ያገኙት ሳይንቲስቱ አሌክ ጄፍሪስ ናቸው። በግድያ ምርመራ ላይ ሲውልም በቅድሚያ ያደረገው ንጹሑን ሰው ነጻ ማውጣት ነበር። ከሁለት ግድያዎች አንዱን ፈጽሜአለሁ ብሎ ያመነ የ17 ዓመት ወጣት፣ ናሙናው ባለመዛመዱ እ.ኤ.አ. በ1986 ተለቀቀ። እውነተኛው ገዳይ በ1988 ተፈረደበት።

በአካል ምልክት ዝምድናን መለየት ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ አይደለም፤ ዐረቦች ይህን ዕውቀት «ቂያፋ» ይሉታል። የሐበሻዊቷ የኡሙ አይመን ልጅ ኡሳማ (ረ.ዐ) ጥቁር፣ አባታቸው ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) ደግሞ ቀላ ያሉ በመሆናቸው በነሰባቸው ላይ ሐሜት ነበረ። ሙጀዚዝ አል-ሙድሊጂ የተባለ የቂያፋ ዐዋቂ፣ ሁለቱ ተሸፋፍነው በተኙበት እግሮቻቸውን ብቻ አይቶ ዝምድናቸውን መሰከረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዚህ እጅግ መደሰታቸውን የሚገልጸውን የዓኢሻን (ረ.ዐ) ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የዘመናችን ዑለማእም ስለ ዲ ኤን ኤ ሲወያዩ ይህን ሐዲስ ያነሳሉ።

በዓለም ሙስሊሞች ሊግ ሥር የሚገኘው የፊቅህ ጉባኤ በመካ ባካሄደው 16ኛ ስብሰባው፣ በሸዋል 1422 ሂጅሪ (ጥር 2002 እ.ኤ.አ.) ስለ «አል-በስማ አል-ዊራሲያ»፣ ማለትም ስለ ዘር አሻራ፣ ውሳኔ አሳልፏል። ሐድና ቂሷስ በሌለባቸው ወንጀሎች ምርመራው በማስረጃነት እንዲያገለግል ፈቅዷል። ሐድ በጥርጣሬ ይመለሳልና፣ በሐድና በቂሷስ ግን አልፈቀደም። በሆስፒታል የተቀላቀሉ ሕፃናትን ለመለየት፣ ከአደጋና ከጦርነት በኋላ የጠፉ ልጆችን ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ፣ ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖችን ለማወቅም ፈቅዷል። በአንጻሩ የተረጋገጠን ነሰብ እንደገና ለመፈተሽ ወይም ሊዓንን ለመተካት እንዳይውል ከልክሏል። ስሕተት ቢፈጠር ምንጩ የሰው አሠራር ወይም የናሙና መበከል መሆኑን በማመልከትም፣ ምርመራው በፍርድ አካል ጥያቄ ብቻ እንዲካሄድና ለትርፍ ለሚሠሩ የግል ተቋማት እንዳይፈቀድ መክሯል። በአጭሩ፣ ዕውቀቱ የጠፋውን ነሰብ እንዲመልስ በር ከፈተለት፤ የቆመውን ቤተሰብ እንዳያፈርስ ግን በሩን ዘጋበት።

የዚህ ፈቃድ ጥቅም እ.ኤ.አ. በ2020 በደማም ታይቷል። አንዲት ሴት ለሁለት ወጣቶች የመታወቂያ ሰነድ ስትጠይቅ ጥርጣሬ ተፈጠረ፤ ምርመራ ተጀመረ። በዲ ኤን ኤ ሲጣራ፣ ወጣቶቹ በ1990ዎቹ በሕፃንነታቸው ከሆስፒታል የተሰረቁ መሆናቸው ታወቀ፤ ከ20 ዓመታት በላይ ቆይተውም ከወላጆቻቸው ጋር ተገናኙ።

በአገራችንም ጉዳዩ በሐዘን ይታወሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 በቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን 157 ሰዎችን ይዞ ነበር። አስከሬኖቹን በመልክ መለየት ባለመቻሉ ቤተሰቦች የዲ ኤን ኤ ናሙና ሰጡ፤ ውጤቱ እስከ 6 ወር ሊወስድ እንደሚችልም ተነገራቸው። የመለየቱ ሥራ ብዙ አገሮችን ያሳተፈ ነበር።

በስደት መንገድ ዘመድ የጠፋበት ቤተሰብም በተመሳሳይ ጭንቀት ውስጥ ይኖራል። በፊቅህ «መፍቁድ» የሚባለው፣ ሞቱም ሕይወቱም ያልታወቀ ሰው፣ ሁኔታው እስኪጣራ ወይም ቃዲ እስኪወስን ድረስ ውርሱ አይከፈልም፤ ሚስቱም ሌላ ባል ማግባት አትችልም። ማንነቱ ሳይታወቅ ከተቀበረ ሰው የተወሰደ ናሙና ከቤተሰብ ናሙና ጋር ከተዛመደ ግን ይህ ሁሉ መልስ ያገኛል።

ስለዚህ ቤተሰብ ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። ለንጽጽር የተሻለው የእናት፣ የአባት ወይም የልጅ ናሙና ነው። የወንድምና የእኅት ናሙና ደካማ በመሆኑ ከአንድ በላይ ሰው ሊያስፈልግ ይችላል፤ የአጎት ልጅማ ከዚያም ያነሰ ነው። ናሙናው የሚወሰደው ከጉንጭ ውስጠኛ ክፍል በጥጥ በመጥረግ ሲሆን ሕመም የለውም። ባለሥልጣናት ናሙና ሲጠይቁ አረጋዊት እናትን ለድካም ላለመዳረግ በሚል ወጣት ዘመድ ብቻ መላክ ውጤቱን ሊያዳክም ይችላል፤ የወላጆች ናሙና በሕይወት ሳሉ ቢሰጥ ይበጃል።