ማረሻ የተወው ኮረብታ

በቴክሳስ ከዳላስ አጠገብ ያለችው ሮውሌት ውሃ እንጂ ዳገት የላትም። ሬይ ሃባርድ ሐይቅ ከምሥራቅም ከምዕራብም አቅፏታል፤ እግሩን ሊያፍታታ የወጣ ሰው የሐይቁን ዳር ይዞ በሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ይመላለሳል፣ አለዚያም ጋርላንድ ውስጥ ወዳለው የሮውሌት ክሪክ ጥብቅ ስፍራ ሄዶ ከብስክሌተኞች ጋር ይጋፋል። ስለዚህ ከዳላስ መሐል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ ደን የለበሰ፣ በእግር የሚወጣ ኮረብታ አለ ሲባል ከደብረ ብርሃን ወይም ከደባርቅ የመጣ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሲዳር ሪጅ የሚባለው ይህ ጥብቅ ስፍራ 600 ኤከር ያህል ነው፤ በእኛ ልክ ስድስት ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው። የእግር መንገዶቹ ተደማምረው 9 ማይል ያህል ይሆናሉ። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 755 ፊት ነው፤ ከሥሩ የተኛው የጆ ፑል ሐይቅ በመደበኛ ልኩ 522 ፊት ላይ ስለሚገኝ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ70 ሜትር ብዙም አያልፍም። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በላይ በመቶዎች ሜትር ከፍ ብሎ 3,200 ሜትር አካባቢ ይቆማል። በቁመት ከሆነ ክርክሩ እዚሁ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ይህን ኮረብታ በቁመቱ የሚለካ ሰው ሜትሩን ያለ ቦታው አውጥቷል ባይ ነኝ። መለካት ያለበት በአፈሩ ነው። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው አፈሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ በአንድ ሰው ጫማ የሚጎዳውም በዚያው ምክንያት ነው።

ሮውሌት ላይ ቤት የገዛ ሰው ስለ አፈር ሳይወድ በግዱ ይማራል። በሙቀቱ ወራት የግድግዳው ጥግ ይሰነጠቃል፣ ትናንት የተዘጋው በር ዛሬ አልገጥም ይላል፣ ጎረቤት በመሠረቱ ዙሪያ ቀዳዳ ጎማ ዘርግቶ ቤቱን እንደ ጓሮ አትክልት ውሃ ያጠጣል። ምክንያቱ ከሥር ያለው ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ይህ አፈር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ዋልካ ነው፤ የዝናቡን ማለፍ ጠብቀው ሽምብራና ጓያ የሚዘሩበት፣ ክረምት ላይ በሬ የሚያሰምጠው መረሬ። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍነው ይህ የአፈር ዓይነት በቴክሳስም ከኦክላሆማ ድንበር አካባቢ እስከ ሳን አንቶንዮ የሚደርስ ረጅም ቀበቶ ሠርቷል። አገሬው ብላክላንድ ይለዋል። ለምነቱ ነው ያጠፋው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጥጥ ገብቶ ምድሩን ከዳር እስከ ዳር ገለበጠው፤ ሰው ከነቁመቱ ይሰውር ከነበረው የሣር ሜዳ ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ሲዳር ሪጅ ላይ ይህ ወፍራም ጥቁር አፈር ይሳሳል። መንገዱ ዳገቱን በቆረጠበት ቦታ ጎንበስ ብሎ ጎኑን ማየት ይበቃል፤ ከላይ የረገፈ የጥድ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት፣ ከዚያ ከጥቂት ጣት የማይበልጥ ጠቆር ያለ አፈር፣ ከዚያ በጥፍር ሲፋቅ ዱቄት የሚያወጣ ነጭ ድንጋይ። ሥሮቹ ወደ ታች መውረድ ሲያቅታቸው በድንጋዩ ገጽ ላይ ተንጋለው ይሄዱና ስንጥቅ ሲያገኙ ይገቡበታል። ይህ ነጭ ድንጋይ ጠመኔ ነው፤ የጂኦሎጂ ሰዎች ኦስቲን ቾክ ይሉታል። ከ85 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቴክሳስን የሸፈነ ባሕር ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ቅርፊታቸውን እያራገፉ ያከማቹት ነው። ከጠመኔው ሥር ደግሞ ኢግል ፎርድ የሚባል፣ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ለስላሳ የጭቃ ድንጋይ አለ። ወንዝና ዝናብ ለስላሳውን ከምዕራብ በኩል እየበሉ ሲሄዱ ጠንከር ያለው ጠመኔ ጫፉን አውጥቶ ቀረ፤ ተረተሩ የተሠራው እንዲህ ነው። ያው ጠመኔ ሮውሌት ሥርም አለ፤ ንብርብሩ ወደ ምሥራቅ ስለሚያዘቀዝቅ ግን እዚያ ሌላ ድንጋይ ተጭኖበታል፣ የዚያ ድንጋይ ብስባሽም ነው ቤታችንን የሚሰነጥቀው። አንዱ የዳላስ ጫፍ ማረሻ የሚውጥ አፈር፣ ሌላው ጫፍ ማረሻ የሚሰብር ድንጋይ ደረሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ጥጥ ዘሪው ኮረብታውን የተወው ለዛፍ አዝኖ አልነበረም። ይህን ማለቴ የቀደሙትን ለመውቀስ ሳይሆን ደኑ በምን እንደተረፈ በትክክል ለማወቅ ነው፤ ምን እንዳተረፈው ያላወቀ ሰው ምን እንደሚያጠፋውም አያውቅም። ከእኛ አገር የሚቀርበው ምሳሌ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ አልቆ፣ ደብሩን የከበበው ዛፍ ብቻ እንደ ደሴት ቀርቷል። እዚያ ማረሻን ያቆመው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው፤ እዚህ ጠመኔ። ሆኖም አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በእነዚያ ደኖች ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከማረሻ የተረፈ ደን ከኮቴ ላይተርፍ ይችላል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሲታዩ ሁሉ ደኅና ይመስላል፤ ከሥራቸው ግን ከብት ችግኙን ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል፣ ተተኪ ይጠፋል። በየደብሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ የተጀመረውም ለዚሁ ነው። ሲዳር ሪጅ ላይ ከብት የለም። ያለው እሑድ ጠዋት የሚመጣ ሰው ነው፤ ካቡም በስፋት ከአንድ ሰው ትከሻ ብዙም የማይበልጠው የእግር መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የተፈጥሮ ነገር የሚከታተል ሰው ሊያርመኝ ይነሳ ይሆናል፤ ጥዱ ራሱ መጤ አይደለም ወይ፣ በቴክሳስ ሣሩን የሚወርር ዛፍ ተብሎ በየእርሻው በማሽን ይነቀል የለም ወይ ይላል። ግማሹ እውነት ነው። የሜዳው ሣር በየጊዜው በሚነሳ እሳት ሲታደስ ይኖር ነበር፤ ሰፋሪው እሳቱን ሲያጠፋና ከብት ሲያበዛ ጥድ ወደ ሜዳው ወረደ። በገደሉና በሸለቆው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ስስ አፈር ላይ ሣሩም ስስ ስለሆነ እሳት የሚበላው አያገኝም፣ ጥዱም እዚያ ጥንቱን ነበረ። ጎረቤት ያለችው ሲዳር ሂል ከተማ ስሟን ያገኘችው አገሬው ሲዳር በሚለው በዚሁ ዛፍ ነው፤ በ1856 እ.ኤ.አ. አውሎ ነፋስ ሲመታት በዚህ ስም የምትጠራ ሰፈር ነበረች። ስለዚህ በጥብቅ ስፍራው ሣር እንዲመለስ በሚፈለግባቸው ገላጣ ቦታዎች ጥድ ተቆርጦ የሚያይ ሰው መደንገጥ የለበትም፤ በተረተሩ ላይ የቆመውን ግን እንደ አረም ሊያየው አይገባም። (በታኅሣሥና በጥር ግድም ዓይን የሚያሳክከው፣ ብዙ ቤት ጉንፋን ነው እየተባለ በዝንጅብል ሻይ የሚታከመው ነገር ብዙውን ጊዜ የዚህ ጥድ ዘመድ ወንዴ ዱቄት ነው። የሚያስቸግረው ሰው በዚያ ወቅት ሌላ መዝናኛ ይፈልግ።)

ከሁሉ በላይ ሊነገርለት የሚገባው ግን ከጥዱ ሥር ያለው ነው። ብዙ ሰው ጫካ ሲባል የቆመውን ይቆጥራል፤ የረገፈውን ቅጠል ደግሞ ቆሻሻ ያደርገዋል። በዚህ የዳላስ ተረተር ላይ ሄክሳሌክትሪስ የሚባል የኦርኪድ ወገን ይበቅላል፤ በርካታ ዝርያዎቹ በአንድ አካባቢ የሚገኙበት ስፍራ በአሜሪካ ብዙ አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል የለውም። ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚኖረው ከመሬት በታች ነው፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ እንደ ዝናቡ ሁኔታ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ መሰል ቀጭን ዘንግ ብቅ ያደርግና ጥቂት አበባ ይይዛል፤ በአንዳንድ ዓመት ከነጭራሹ አይወጣም። ታዲያ በምን ይኖራል? በአፈሩ ውስጥ በተዘረጋ ፈንገስ ነው። ፈንገሱ በአንድ ወገን ከዛፍ ሥር፣ በተለይም ከኦክ ዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ ውሃና ማዕድን እያቀበለ ስኳር ይቀበላል፤ ኦርኪዱ በሌላ ወገን ከፈንገሱ ይወስዳል፤ እስከሚታወቀው ድረስ የሚመልሰው ነገር የለም። ዛፉ ከፀሐይ ያገኘው ምግብ በዚህ መንገድ ፀሐይ ወደማይጠቀም አበባ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚካሄደው በዚያችው ጥቂት ጣት በምትሆን አፈር ውስጥ ነው። ቆፍሮ ወስዶ ማሰሮ ውስጥ ልትከል የሚል ሰው የወሰደው የሞተ ዘንግ ነው፤ ዛፉንና ፈንገሱን አብሮ ማንሳት አይችልምና። አበባው አለ ወይስ የለም ብሎ አይቶ መርገጥም አይቻልም፤ በየካቲት ወይም በጥቅምት ከመንገድ የወጣ ሰው የሚያየው የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው፣ የሚረግጠው ግን ሥሩን ነው።

አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢረግጥ ምን ይሆናል የሚለው ክርክር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምን የሚመስል፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ሰውየው ብቻውን ቢሆን ነበር። ደን ውስጥ ግን ዱካ ዱካን ይጠራል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ መንገዱ መሐል ውሃ ያቁራል፤ ነጭ ስኒከር ያደረገው በጎን ይዞራል፤ ተከታዩ የእሱን ዱካ አይቶ ያ መንገድ ነው ይላል፤ በሳምንቱ ጎኑም ይጨቀያል፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ በጎን ይዞራል። ለአንድ ሰው የተሠራው መንገድ ለመኪና የሚበቃ ይሆናል። የተረገጠው አፈር ይጠጥራል፣ ውሃ አይሰርግበትም፣ ውሃው በላዩ ይሮጥና ስሱን የአፈር ልብስ ይዞ ይወርዳል፤ የሚቀረው ጠመኔው ነው። ጠመኔ ላይ አፈር ተመልሶ እስኪሠራ የማንም ዕድሜ አይጠብቅም። በጠመዝማዛው መታጠፊያ ላይ ቀጥ ብለው የሚያቋርጡትም የሚያተርፉት የአንድ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ትተውት የሚሄዱት ግን ለቀጣዩ ዶፍ የተቀደደ ቦይ ነው። ለፎቶ ብለው ከገደሉ ጫፍ ዳር የሚንጠላጠሉት ጉዳይ ለጊዜው ይለፈኝ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በጭቃው መሐል መሄድ። ጫማ ይታጠባል። መታጠቡን የማይፈልግ ሰው መንገዱ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ይታገሥ፤ ሮውሌት ክሪክ ላይ ብስክሌተኞቹ እንኳ ሲረጥብ መንገዱን ዘግተው ይጠብቃሉ።

ታዲያ ይህን ያህል የሚሰጋለት ከሆነ ለሕዝብ ለምን ተከፈተ፣ ቢታጠር አይሻልም ወይ የሚልም አለ። ይህ ከሌሎቹ ይልቅ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። መልሱ ዙሪያውን በማየት ይገኛል። ጠመኔው ማረሻን አቁሟል፤ ቤት ሠሪን ግን አያቆምም። እንዲያውም ዋልካ ላይ መሠረቱ የተሰነጠቀበት ሰው ጠንካራ ድንጋይ ያለበትን፣ ከላዩ ሐይቅ የሚታይበትን ቦታ ይመርጣል። የተረተሩ ብዙ ክፍል ዛሬ መንገድና መንደር ሆኗል፤ ከፍ ያለው ጫፍም የቴሌቪዥን ማማዎች ተተክለውበታል። አፈሩ ከገበሬ ጠብቆት የነበረው መሬት ከሪል እስቴት የሚጠበቀው ሰው ሲወደው፣ ሲመላለስበትና ሲከራከርለት ነው። አውዱቦን ዳላስ የተባለው የወፍ ወዳጆች ማኅበር ለብዙ ዓመት ስፍራውን ሲንከባከብ የኖረው በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው፤ በጎ ፈቃደኛው ደግሞ መጀመሪያ ተጓዥ ነበር። ስለዚህ ሰው ይምጣ፤ በመንገዱ ይሂድ።

የቀረው የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ልጅ ለያዘ ካተይል ፖንድ የሚባለው መንገድ ይበቃል፤ ኩሬውንም ያገኛል። ትንፋሹን ሊፈትን የፈለገ ሲዳር ብሬክን ይያዝ፤ ቁመቱን የናቀ ሰውም ቁልቁልና አቀበት እየተፈራረቀ ጉልበቱን ሲያዝለው ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል። ውሻ በገመድ ይፈቀዳል፣ ብስክሌት አይፈቀድም። በሰኔና በነሐሴ መካከል ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ስለሚችል በማለዳ ካልሆነ አይወጣም፤ ውሃውም ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ከሆነ አይበቃም። ከአንድ አንጓ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ያለው ሐረግ ሲያጋጥም እጅ አይሰድዱበትም፤ ፖይዝን አይቪ ነው፣ ቆዳን ለሳምንታት የሚያሳክክ ዘይት አለው፣ የሚበዛውም ከመንገዱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ነው።