ነፃው የቋንቋ ትምህርት ከደብረ ታቦር ሲታይ

ፈረንሳይኛ ወይም ጀርመንኛ መማር ያማረው የደብረ ታቦር ጎልማሳ በአቅራቢያው የሚመዘገብበት ተቋም የለውም። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ እ.ኤ.አ. ከ1907፣ ጎተ ኢንስቲትዩት ደግሞ ከ1962 ጀምሮ የሚያስተምሩት አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከደብረ ታቦር እስከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። በእጁ ያለው ስልክ ግን ከሁለቱም ተቋማት የበዛ ትምህርት ያለ ክፍያ ሊያመጣለት ይችላል። ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ነፃው ትምህርት ሞልቷል፤ የጎደለው ለተማሪው የሚመርጥለትና ሲሳሳት የሚያርመው ሰው ነው።

ፈላጊዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ። ከፋርጣ፣ ከእስቴ ወይም ከጋይንት አረብ አገር ለመሄድ የተነሣች ሴት የምትፈልገው የቤትና የኩሽና ዐረብኛ ነው። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል የሚያስስ ወጣት ጀርመንኛ ይጀምራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ ቢሰጥም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሙያውን የሚሻ ሁሉ መጀመሪያ ቋንቋው ደጃፍ ላይ ይቆማል።

አካባቢው በጎልማሳነት ቋንቋ ለመማር እንግዳ አይደለም። በጋይንት የቤተልሔም የድጓና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት ደቀ መዛሙርት ሲያፈሩ የኖሩት እናት ለልጇ በማትናገረው በግእዝ ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጋፋት ላይ መድፍ ይሠሩ የነበሩት አውሮፓውያን አማርኛን የለመዱት ከሰው ጋር እየዋሉ ነበር። ከይፋግ አካባቢ የተነሡት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ በምንኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 በርሊን ድረስ ሄደው ግእዝና አማርኛ አስተምረዋል።

ከቋንቋዎቹ ሁሉ ሰፊው ፍላጎት የእንግሊዝኛ ነው። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው እንደ አንድ ትምህርት ይማራሉ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌላውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ይከታተላሉ። ስለዚህ አብዛኛው ጎልማሳ ጀማሪ አይደለም። ሰዋስው ያውቃል፣ ማስታወቂያ ያነባል፤ አፍ ፈትቶ መናገርና በፍጥነት የሚነገረውን መስማት ግን ያቅተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከፊደልና ከሰላምታ የሚነሣ መተግበሪያ ጊዜ ማባከኛ ነው። የሚጠቅመው በልኩ የተዘጋጀ የሚደመጥ ነገር ነው። የአሜሪካ ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው ስፔሻል ኢንግሊሽ 1,500 ገደማ በሆኑ ቃላት፣ በዝግታና በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ዜና ያነብ ነበር። የጣቢያው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2025 ቢስተጓጎልም ቀድሞ የተቀዱት ዝግጅቶች ጠቀሜታቸው አልቀነሰም። ቢቢሲና ብሪቲሽ ካውንስልም ተመሳሳይ ነፃ ትምህርቶች አሏቸው።

ማንበብም ልክ አለው። የቃላት ጥናት ሊቁ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳየው አንድን ልብ ወለድ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦችን ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በነፃ ያቀርባል፤ አብዛኞቹ ግን የድሮ እንግሊዝኛ ስለሆኑ ለጀማሪ አይመከሩም። በቀላል ቋንቋ የተጻፉ አጫጭር ታሪኮች ይቅደሙ።

ለጀርመንኛ ከነፃዎቹ ሁሉ የተሟላው የዶይቸ ቬለ ‹ኒኮስ ቬግ› ነው። በአንድ ወጣት ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልም ሲሆን ተማሪውን ከጀማሪ እስከ መካከለኛ ደረጃ ያደርሰዋል። ለፈረንሳይኛ የቴቬ ሳንክ ሞንድ ትምህርቶች በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ የሥልጠና ተቋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ያዘጋጃቸው የድሮ ኮርሶች መብታቸው ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ከነድምፃቸው በነፃ ይገኛሉ፤ አቀራረባቸው ደረቅ ነው፣ ልምምዳቸው ግን ጥብቅ ነው።

ዐረብኛ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙዎቹ ነፃ ኮርሶች የሚያስተምሩት የጋዜጣና የመጽሐፍ ዐረብኛ የሆነውን ፉስሃ ነው፤ ሪያድ ወይም ኩዌት ቤት ውስጥ የሚነገረው ግን የባሕረ ሰላጤው ዘዬ ነው። ‹ላንጉጅ ትራንስፈር› የተባለው ነፃ የድምፅ ትምህርት እንኳ የሚያስተምረው የግብፁን ነው። ስለዚህ ለሥራ የምትሄድ ሴት ትምህርት ከመምረጧ በፊት የየት አገር ዐረብኛ እንደሆነ ማጣራት አለባት፤ ከሁሉ አስቀድማም ሕመሟን፣ ደመወዟንና አድራሻዋን መናገር መቻል ይኖርባታል። የአማርኛ ተናጋሪ ግን አንድ ዕድል አለው። የሁለቱ ቋንቋዎች ግሶች አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ተነባቢዎች ላይ የሚቆሙ ናቸው፤ ቤት፣ ራስ፣ ነፍስና ደም የሚሉትን የመሰሉ ቃላትም ተቀራራቢ ናቸው።

ሁሉንም ፈላጊዎች የሚገጥማቸው አንድ ዕንቅፋት አለ። ከታወቁት ነፃ ኮርሶች አብዛኞቹ የሚያብራሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጀርመንኛ ወይም ዐረብኛ ለመማር አስቀድሞ እንግሊዝኛ ማወቅ ግድ ይሆናል። ጉግል ትርጉም የካቲት 2008 ዓ.ም. አማርኛን ከጨመረ በኋላ መንገዱ ትንሽ ቀለል ብሏል፤ ሆኖም የማሽኑን ስሕተት የሚለየው ቋንቋውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ክፍተቱን ለመድፈን በአማርኛ የሚያብራሩ የዩቲዩብና የቴሌግራም አስተማሪዎች በዝተዋል። ከመካከላቸው መልካምም ደካማም አለ። መለያው ቀላል ነው፤ የቋንቋው ባለቤት ድምፅ የሚሰማበት፣ ቃልን በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያሳይና ተማሪውን የሚያናግር ትምህርት ይመረጣል። በ30 ቀን አቀላጥፎ መናገር ይቻላል የሚለውን መተው ይሻላል። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ተቋም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶችን አማርኛ ለማስተማር 1,100፣ ዐረብኛ ለማስተማር 2,200 የክፍል ሰዓት ይመድባል፤ ያውም ከመምህር ጋር።

ሌላው ዕንቅፋት የኔትወርክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሲኖርም ዳታ ገንዘብ ነው። በዚህ አካባቢ የሚዘልቀው እንግዲህ አንዴ አውርደው ደጋግመው የሚጠቀሙበት ነገር ነው። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና መዝገበ ቃላትን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንኪ የቃላት ካርዶችን ስልክ ላይ አስቀምጦ በየጊዜው ይጠይቃል። የድምፅ ትምህርት በሚሞሪ ካርድ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።

አንኪ የቆመበት ሐሳብ የቆየ ነው። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ያጠናው የማስታወስና የመርሳት ነገር እንዳመለከተው አንድን ቃል በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ከመሸምደድ በተራራቁ ቀናት መከለስ ይበልጣል። ሴባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህንኑ በወረቀት ካርድና በሳጥን እንዲሠራ አድርጎ አስተዋወቀው፤ ስማርት ስልክ የሌለው ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል።

ቃል ማስታወስ ግን መናገር አይደለም። እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ሥርዓት ከመተግበሪያዎቹ ይልቃል። ተማሪው ግስና አገባብ ያጠናል፤ ብቻውን ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ይታረማል። አዲስ የገባውን የሚረዳው ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ ነው። በራስ መማርና በሰው መታረም ተለያይተው አያውቁም። ነፃው በይነመረብ የመጀመሪያውን አሟልቶ ሰጥቷል፤ ሁለተኛውን ግን ሰው ራሱ ማደራጀት ይኖርበታል።

ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህራን አሉት፤ የየወረዳው ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። ከአረብ አገር የተመለሱት ሴቶች የባሕረ ሰላጤውን ዐረብኛ ከማንም ኮርስ አብልጠው ያውቃሉ፤ እውቀታቸውን ግን ማንም አይጠይቃቸውም። አንድ ቤተ መጻሕፍት በየቋንቋው ሁለት ሁለት ኮርስ መርጦ በኮምፒውተሩ ቢያስቀምጥና ለመጣው ሁሉ ቢገለብጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ አምስት ስድስት ተማሪዎችን ከአንድ አራሚ ጋር ቢያገናኝ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት በክፍያ አራሚ ሆና ብትሠራ ደግሞ ልፋቷ ለራሷም እንጀራ ይሆናል።