እይታን ለጊዜው የሚያውክ ማይግሬን፦ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዴት ይለያል?

በድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታባቸው ወራት «ዓይኔን ጋረደኝ፤ ቀጥሎም ራሴን ፈለጠኝ» የሚል ታካሚ ሲቀርብ ምክንያቱ ፀሐይ ወይም ጫት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የፈሳሽ እጥረት፣ እንቅልፍ ማጣትና ሳይመገቡ መዋል ማይግሬንን እንደሚቀሰቅሱ የታወቀ ነው፤ ጫትም እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ሆኖም ቀስቃሹን ማወቅ ሕመሙን በትክክል መለየትን አይተካም።

ከማይግሬን ሕሙማን አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ኦራ የሚባል ምልክት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ምታቱ ቀድሞ ይታያል። የሚያብለጨልጭ፣ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ከእይታ መካከል አጠገብ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይሰፋል፤ በስተኋላውም የማይታይ ስፍራ ይተዋል። መነሻው ዓይን ሳይሆን በአንጎል የኋለኛ ክፍል ቅርፊት ላይ የሚጓዝ የነርቭ እንቅስቃሴ ሞገድ ነው። ካርል ላሽሊ እ.ኤ.አ. በ1941 የራሱን ኦራ ተከታትሎ ፍጥነቱን በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ገምቷል። አሪስቲዲስ ሌአኦ በ1944 ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ሞገድ በጥንቸል አንጎል ላይ ገልጿል።

ሊጠየቁ የሚገባቸው

እንዴት ጀመረ? ኦራ በ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ በደም ዝውውር መቋረጥ የሚመጣ የእይታ መጥፋት ግን ድንገተኛ ነው። ምን ያህል ቆየ? የእይታ ኦራ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ዓይን ወይስ በሁለቱም? ታካሚው ዓይኖቹን በየተራ ሸፍኖ እንዲያይ ይመከራል፤ ኦራ በሁለቱም ይታያል።

ወደ ሆስፒታል የሚያስልኩ ምልክቶች

የአንድ ዓይን እይታ በድንገት መጥፋት፣ ከ60 ደቂቃ በላይ የቆየ መታወክ፣ የአካል መስነፍ፣ ሕመም ያለበት ቀይ ዓይን፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ እንዲሁም ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ምልክት ታካሚውን ሳይዘገዩ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ለመላክ በቂ ምክንያት ናቸው። ከ20 ሳምንት በላይ በሆናት ነፍሰ ጡር ላይ ራስ ምታትና የእይታ መታወክ ሲኖር አስቀድሞ የደም ግፊትና የሽንት ፕሮቲን ይለካል፤ ፕሪኤክላምፕሲያ ሊሆን ይችላልና።

የቤተሰብ ምጣኔና ኦራ

ኦራ ያለው ማይግሬን የስትሮክን ተጋላጭነት በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ኤስትሮጅን ያለበት እንክብል ሲጨመርበት አደጋው ይበረታል። በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እንክብል ኦራ ላላቸው ሴቶች በማንኛውም ዕድሜ በምድብ 4 አስቀምጦ ይከለክላል። በክንድ የሚቀበር መከላከያና ሉፕ አማራጮች ናቸው። እንክብል ከመታደሉ በፊት «ራስሽን ሲያምሽ ዓይንሽ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ይታይሻል?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም፤ አንዲትን ወጣት እናት ግን ከስትሮክ ሊያድን ይችላል።