ለፋሲካ የሚሠራ ድስት
የጎንደር ደጋ ቤተ እስራኤል የጸደይ ሥራና ዜማ



እዚህ በእስራኤል አገር ፋሲካ ሲቃረብ ሱቆች በአዲስ ሳህንና በአዲስ ድስት ይሞላሉ። ልጆቻችንም «ሐግ ሐአቪቭ»፣ ማለትም የጸደይ በዓል፣ እያሉ ከትምህርት ቤት አዲስ መዝሙር ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ አያቱን «በአገር ቤት ለፋሲካ ምን ትሠሩ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚያስደስት ነው። ሙሉውን መልስ ሊሰጡ የሚችሉት እናቶች ግን ከዓመት ወደ ዓመት ቁጥራቸው እያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በጎንደር ደጋ የነበረውን የጸደይ ሥራ፣ ከሥራውም ጋር አብሮ የነበረውን ዜማ፣ የምናውቀውን ያህል ለመግለጽ እንሞክራለን።

አገሩና ወቅቱ

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ስሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። ራቅ ብሎ ደግሞ ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖሩባት የነበረችው አምቦበር ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ያልፋል። አባቶቻችን መንደር ሲመሠርቱ ወንዝ ወይም ምንጭ ያለበትን ቦታ ይመርጡ ነበር። ምክንያቱም እንደ ኦሪት ሥርዓት ለመንጻት ውኃ ያስፈልጋል። ውኃ ደግሞ ለሸክላ ሠሪዋም ለቀጥቃጩም የሥራቸው መጀመሪያ ነው።

የኒሳን ወር፣ በአባቶቻችን አጠራር ሊሳን፣ የሚውለው በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ነው። በዚያ ጊዜ በጋው ሊያልቅ ነው፤ ዋናው የክረምት ዝናብ ግን ገና አልገባም። በመንደሩ ሁሉም ሰው ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ይህ ነበር። ገበሬው ማሳውን ለማረስ ስለሚዘጋጅ የዶለዶመ ማረሻውን ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ይመጣል። ቀጥቃጩም ወናፉን እየነፋ ማረሻውን ያስላል፣ ማጭዱን ይጠግናል። ሸማኔው ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን ተቀብሎ ለበዓል የሚለበሰውን ሸማ ይሠራል። ሴቶች ደግሞ ሸክላ ይሠራሉ። ሸክላ የሚደርቀውና የሚተኮሰው ዝናብ በሌለበት ወቅት ስለሆነ፣ ክረምት ከገባ በኋላ ይሠራ ቢባል እንኳ አይመችም።

ድስቱ ለምን ይሰበራል?

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 እንደታዘዘው ሰባት ቀን እርሾ በቤት ውስጥ አይገኝም። በአገራችን ግን የዘወትር ምግብ እንጀራ ነው፤ እንጀራ ያለ እርሾ አይሆንም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት እርሾ የነካው ምግብ ሁሉ ይቀርና ቆሎና የመሳሰለው ይበላል። በበዓሉም ቂጣ ይጋገራል፤ ቄሶችም በሥርዓቱ መሠረት በጉን ያርዳሉ።

ምግቡ ከወጣ በኋላ ስለ ዕቃው ጥያቄ ይነሣል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 6 እና ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው የብረት ዕቃና የሸክላ ዕቃ ሕጋቸው የተለያየ ነው። የናስ ዕቃ ተፈግፍጎ በውኃ ይታጠባል፤ ሸክላ ግን የተቀቀለበትን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ይሰበራል። እናቶቻችን መጽሐፍ ባያነቡም ይህን በእጃቸው ያውቁት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ወጥ የተሠራበት ድስት ምንም ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። ስለዚህ በብዙ ቤት የአሮጌው ሸክላ ዕቃ ለፋሲካ ይሰበርና በቦታው አዲስ ይተካል። አዲሱ ዕቃ እርሾ አላየም፤ የመጀመሪያ ሥራው የበዓሉ ምግብ ነው።

እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋ በዚያ ሰሞን ምን ያህል ሥራ እንደሚኖርባት መገመት ይቻላል። ለራሷ ቤት፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤትም መሥራት አለባት። አንድ ዕቃ በእሳት ውስጥ ቢሰነጠቅ በዓሉ እርሷን አይጠብቅም።

ድስቱ እንዴት ይሠራል?

አፈሩ ከታወቀ ቦታ ተቆፍሮ ይመጣል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ድንጋዩና ሥሩ ይለቀማል። ከዚያ ውኃ እየተጨመረበት ይታሻል። ጥሬው ጭቃ ብቻውን እሳት አይችልም፤ ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ ወይም በአንዳንድ ቦታ ተወቅጦ የላመ ገል ይቀላቀልበታል። ገል ማለት የተሰበረ ሸክላ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ጥበብ ነው፤ አንድ ጊዜ በእሳት ያለፈው ገል ለአዲሱ ጭቃ ጥንካሬ ይሰጠዋል።

እናቶቻችን የሚሽከረከር መንኮራኩር አልነበራቸውም። ጭቃው እንደ ገመድ ተድበልብሎ ዙሪያውን እየተደራረበ ይነሣል፤ በእጅና በውኃ ይያያዛል፤ ኋላም በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። ከዚያ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተቻኮለ አንዱ ወገን ቀድሞ ደርቆ ይጣመማል። ሲደርቅ ሜዳ ላይ ተደርድሮ በእንጨትና በኩበት ይሸፈንና ይተኮሳል። ገና ትኩስ ሳለ በገለባና በመሳሰለው ታፍኖ ጭስ እንዲጠጣ ከተደረገ መልኩ ይጠቁራል።

ከእሳት የወጣ ዕቃ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ ማሟሸት ያስፈልጋል። ምጣድ በጎመን ዘር እየታሸ በዝግታ ይሞቃል። ዘይቱ የሸክላውን ቀዳዳ ስለሚደፍነው ቂጣውም እንጀራውም አይጣበቅበትም። ድስትና ጀበናም በየራሳቸው መንገድ ይሟሻሉ። አንድ ሙያተኛ እናት ዕቃውን በጣቷ አንኳኩታ በድምፁ ብቻ ደኅና መሆኑን ታውቃለች። ጥሩ ሸክላ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ሥራውና ዜማው

በአገራችን ዜማ ሁለት ቤት ነበረው። አንዱ የጸሎት ቤት ነው። በዚያ ቄሶች በግእዝ፣ በከፊልም በጥንቱ የአገው ቋንቋ ያዜማሉ፤ መሣሪያቸውም ነጋሪትና ቃጭል ነው። ማሲንቆና ክራር ወደዚያ አይገቡም። ሁለተኛው የደጅና የጓዳ ዜማ ነው፤ ይህም ከጎረቤቶቻችን ጋር የምንጋራው ነበር። በሠርግና በበዓል ከበሮ ይመታል፤ አንዱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ይቀበላሉ፤ እስክስታ ይወርዳል፤ እልልታ ይቀልጣል። የሽንብራውና የእህሉ ዱቄት በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጭ ደግሞ እናቶች ብቻቸውን ያንጎራጉራሉ። እንጉርጉሮው ከወፍጮው ምልልስ ጋር ይሄዳል፤ ግጥሙንም እንደ ልቧ ሁኔታ የምትፈጥረው ራሷ ፈጪዋ ናት። የሚስቱን ብሶት፣ የእናትን ናፍቆት፣ የኢየሩሳሌምን ተስፋ ሌላ ሰው ሳይሰማት የምትናገረው በዚያ ነበር።

የጸሎቱ ዜማ መዝጋቢ አግኝቷል። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 በአምቦበር የቄሶችን ዜማ ቀርጻ፣ በ1986 ስለዚሁ መጽሐፍ አሳትማለች። የወፍጮው እንጉርጉሮ ግን በቄስ አይያዝም፤ በመጽሐፍም አልተጻፈም። ወፍጮው ሲቀር አብሮ ይቀራል።

ሙያና ስድብ

ይህ ሁሉ ሙያ እንዲህ የሚያኮራ ከሆነ ብዙ እናቶች ለምን ደብቀውት ኖሩ? ይህን ሳንናገር ማለፍ እውነትን መደበቅ ይሆናል። በታሪክ እንደሚነገረው ከአጼ ይስሐቅ ዘመን (1414–1429) ጀምሮ ሃይማኖታቸውን ያልለወጡ አባቶቻችን ርስት እየተነፈጉ ሄዱ። ርስት የሌለው ሰው የሰው መሬት ያርሳል፤ ወይም በእጁ ሙያ ይኖራል። በዚህ ምክንያት ቅጥቀጣ፣ ሽመናና ሸክላ ሥራ የወገናችን መተዳደሪያ ሆኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ጎንደር ስትመሠረትም ከሕዝባችን ግንበኞችና አናጢዎች በቤተ መንግሥቱ ሥራ ተካፍለዋል።

ነገር ግን ማረሻውን የሚሠራለት፣ ድስቱን የምትሠራለት ሰው ለገበሬው አስፈላጊም አስፈሪም ሆኑበት። አፈርንና ብረትን በእሳት የሚለውጥ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ተባለ። «ቡዳ» የሚለው ስድብ በዚህ መንገድ ተለጠፈብን። በዚህ ስም ሰው ተደብድቧል፣ ከቤቱም ተባሯል። ስለዚህ አንዲት እናት እዚህ አገር ከገባች በኋላ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ለልጅ ልጆቿ አለመንገሯ ከመርሳት የመጣ አይደለም።

ከድስት ወደ ምስል

ዛሬ በእስራኤል «የኢትዮጵያ ሸክላ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትናንሽ ምስሎችን ነው፦ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የይሁዳ አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። እነዚህ ምስሎች በሃያኛው ምዕተ ዓመት የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ ወለቃ መምጣት ሲያዘወትሩ ለገበያ እየተሠሩ የተስፋፉ ናቸው። ይህን ስንል መናቃችን አይደለም፤ ብዙ ቤት የኖረው በዚያ ገንዘብ ነው፤ በሥራውም ታላቅ የእጅ ብልሃት አለ። ሆኖም ምስሉ የሙያው ልጅ እንጂ እናቱ አይደለም። እናቱ ድስቱ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ የወለቃ ቤቶች ባዶ ቀሩ። ከዚያ በኋላ በመንደሩ የዳዊት ኮከብ ያለበትን ምስል ለጎብኚ ሲሠሩ የቆዩት የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሴቶች ናቸው። በዚያው ሴቶች ሸክላና ሽመና የሚማሩበት የእጅ ሥራ ማሠልጠኛም ተቋቁሟል። እጁ በዚያ አለ ማለት ነው። የፋሲካው ምክንያት ግን ከእኛ ጋር ወጥቷል፤ እኛም ከዘነጋነው ሌላ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ ያየነውን እንናገር። በአንድ ከተማ ማትናስ ውስጥ የሸክላ ሥራ ትምህርት ሲሰጥ ተገኝተን ነበር። ወጣቶቹ ከፋብሪካ በመጣ ለስላሳ ጭቃ የአንበሳ ምስል ይሠራሉ። አንዲት ሽማግሌ እናት በጥግ ተቀምጠው ጭቃውን በጣታቸው ሲያሹ ቆዩና፣ ይህ ለምስል እንጂ በእሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ እንደማይሆን ነገሩን። የተሰበረ የአበባ ማሰሮ አስመጥተው አስወቀጡ፤ ከጭቃው ጋር ለወሱት፤ ድስቱንም ዙሪያውን እያነሡ መሥራት ጀመሩ። ጥቂት ቆይተውም ማንጎራጎር ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው ከጎናቸው ነበረች። አያቷ ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ያን ቀን መስማቷ ነበር።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ዐውደ ጥናትና ዎርክሾፕ የሚያዘጋጁ ወገኖች ሁሉ ከምስሉ ጎን ድስቱንም እንዲያስተምሩ፣ ጊዜውንም ከፋሲካ በፊት እንዲያደርጉት እንለምናለን። ልጁ ዕቃውን ከነምክንያቱ ይማር። ተመራማሪዎችም የቄሶችን ዜማ እንደመዘገቡ ሁሉ የእናቶችን እንጉርጉሮ ይመዝግቡ፤ ሲቀርጹም እናቲቱ በእጇ ሥራ ይዛ ይሁን፤ ሥራ የሌለው እጅ ዜማውን ይረሳዋልና።

ከሁሉ በላይ ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። በሚመጣው ፋሲካ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አፈሩን ከየት ታመጡ ነበር? ምን ትቀላቅሉበት ነበር? ስትሠሩስ ምን ትሉ ነበር? መልሱን በአማርኛም በትግርኛም በዕብራይስጥም ጻፉት። መጀመሪያ ዝም ቢሉ አትቆጡ፤ ዝምታው ከስድብ ዘመን የቀረ ነው። ሙያው ክብር እንጂ ነውር እንዳልሆነ ከልጆቻቸው አፍ ሲሰሙ ይናገራሉ።

ለመጪው ፋሲካ በሰላም ያድርሰን። አሜን።